ለመጋረጃዬ ሐይቅ ፍለጋ

አዳማ ያለው ፎቶ ቤቴ ገብቶ የተነሣ ሰው ሁሉ አንድ የማያውቀው ሐይቅ ዳር ቆሟል። ከኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ሁለት ነጫጭ ወፎችና አንዲት የታሰረች ጀልባ አሉ። መጋረጃውን የሸጠልኝ ነጋዴ «የውጭ ነው» ከማለት በቀር አገሩን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ተመራቂ፣ ስንቷን አራስ ከነልጇ እዚያ ሐይቅ ዳር አቁሜ «እስቲ ፈገግ» ብያለሁ። አንድ ቀን ግን አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ሰብስባ ዞር አለችና፣ «እትዬ፣ ይሄ ውሃ የት ነው? ልጆቼ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። እኔን በራሴ ቤት አፌን ያስያዘች ሰው እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ ወዲህ መጋረጃው አስጠላኝ። የአገራችን ሐይቅ ያለበት ሌላ ላሳትም ብዬ ተነሣሁ። ቢሾፍቱ እንደሆነ ጎረቤቴ ነው፤ ነገር ግን የአዳማ ሰው ቢሾፍቱን አሳ ሊበላ በሄደ ቁጥር ያየዋል፤ ለሠርጉ ደግሞ ምን አዲስ ነገር ይሆንለታል? የዘንገናን ሐይቅ የነገረኝ የመንጃ ፈቃድ ፎቶ ሊነሣ የመጣ አንድ የዳንግላ ልጅ ነው። «ክብ ነው፣ እትዬ። ዙሪያውን ጫካ ነው። አገሩ ደግሞ የፈረስ አገር ነው» አለኝ። ሐይቅና ፈረስ! በዚያው ሰሞን መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ካሜራዬን አዝዬ ወጣሁ። አሁን አዲሱ መጋረጃ ፊት የቆመ ሁሉ «የት ነው?» ይለኛል፤ ለእያንዳንዱ እየደጋገምኩ ከማወራ፣ እንዲህ ጽፌ ልገላገል።

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ የተነሣው አውቶቡስ ውስጥ ነጠላ ጫማና ስስ ቀሚስ የለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። የአዳማ ሰው ብርድን የሚያውቀው ከማቀዝቀዣ ውስጥ ለስላሳ ሲያወጣ ነው። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሌላው ሁሉ ልብሱን እያወለቀ ሲያማርር እኔ አገሬ የገባሁ ያህል ተመቸኝ። ደስታዬ ግን ከሸለቆው ማዶ አላለፈም። ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ ስንበላ እጄን ወጡ ላይ አሙቄ ነው የጎረስኩት። ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውን ያን ጊዜ በአጥንቴ ተረዳሁት።

ከቡሬ በኋላ አገሩ እየለመለመ፣ ሰማዩ እየወረደ ሄደ። ረዳቱ «ኮሶበር! ኮሶበር ወራጅ!» ብሎ ሲጮህ እኔ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የምወርደው እንጅባራ ነዋ! ከጎኔ የነበሩት እናት ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «ልጄ፣ እንጅባራ ነው ያልሽኝ አይደል? ኮሶበር ማለት እሱው ነው። ውረጅ፣ ባሕር ዳር ይዞሽ እንዳይሄድ» አሉኝ። ሾፌሩ እየሳቀ ቆመልኝ።

አዳማ ላይ አልጋ ስንከራይ መጀመሪያ የምንጠይቀው ቬንትሌተር መኖሩን ነው። እዚህ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ባለቤቲቱ እግሬን አየችና፣ «ወይ ጉድ! በዚህ እግር?» ብላ የራሷን ካልሲ አመጣችልኝ። ብርድ ልብስ ጨመረች፣ ሌላም ጨመረች፣ በባልዲ ሙቅ ውኃ አስመጣች። ስሜን የጠየቀችኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ አቀባበል አግኝቼ ስለ ብርድ ማማረሬ ነውር ሆነብኝ።

ዓርብ

ስነሣ ከተማው የለም። ጭጋግ በልቶታል። የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፣ ባጃጁ ግን የሚታየው እግርህን ሊረግጥ ሲቀርብ ነው። ደሳለኝ የሚባል ሾፌር አገኘሁና ጥሩ ፎቶ የሚነሣበት ቦታ ሁሉ ውሰደኝ አልኩት።

«ቦታማ በእኔ ይሁንብዎ፣ እትዬ» አለ። መጀመሪያ የወሰደኝ አደባባይ ነው። ቀጥሎ አዲስ ፎቅ ፊት አቆመኝ። ከዚያ የዩኒቨርሲቲው በር። «ተመራቂ ሁሉ የሚነሣው እዚህ ነው» አለኝ በኩራት። እኔ የምፈልገው ጫካ፣ ውኃ፣ ገደል እንደሆነ ስነግረው ተከፋ። «ዛፍማ ምን ፎቶ ይሆናል? ዛፍ እኮ ሞልቶ!» ልጁ ልክ ነው፤ እኔም አዳማ እንግዳ ቢመጣብኝ አቧራ ላሳየው አልወስደውም። መንገድ ዳር ግን የቀርከሃ ወንበር የሚሸጡበት ቦታ ላይ በግድ አስቆምኩት። ቢጫና አረንጓዴው ቀርከሃ በጭጋጉ ውስጥ ተደርድሮ ሳየው ሌላ ሥራ ትቼ እዚያው ልውል ነበር። ያኔ ነው የካሜራዬ መስታወት በጉም የተሸፈነው። በጠረግኩት ቁጥር ይመለሳል። ደሳለኝ በነጭ መሐረቡ እየጠረገ፣ «እሱም በርዶት ነው» እያለ አጽናናኝ።

ዘንገና ከከተማው ብዙ አይርቅም። ከዋናው መንገድ ወርደን ጫካው ውስጥ ጥቂት እንደተራመድን ደሳለኝ ቆመ።

«ሐይቁ የት አለ?» አልኩት።

«ፊትዎ ነው እኮ።»

ፊቴ ያለው ነጭ ብቻ ነው። ቁጭ ብለን ጭጋጉ እስኪነሣ ስንጠብቅ አንዲት ጦጣ ከዛፍ ወርዳ የካሜራዬን ክዳን ብድግ አድርጋ ሄደች። እኔ ስጮህ፣ ደሳለኝ ድንጋይ ሲያነሣ፣ ከጭጋጉ ውስጥ ሳል ተሰማ። ቀጥሎ የአምባላይ ፈረስ ራስ ወጣ፤ ቀጥሎ ፈረሱን የሚስቡ ረጅም ሽማግሌ ወጡ። ሽማግሌው እንደገና አሳላቸውና፣ «በድንጋይ አትመልስም። ዳቦ ስጧት፣ ትጥለዋለች» አሉ። ዳቦዬን ስወረውር ክዳኑን ጣለችው።

አያ እንየውን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው። ፈረሱን እንጂ እሳቸውን አላየሁም ብል ይሻላል፤ ነጭ፣ አንገቱ የቀና፣ ዓይኑ እርጥብ ፈረስ ነው። መጋረጃዬ ላይ የሚቆመው እሱ እንደሆነ እዚያው ወሰንኩ። አያ እንየው ግን መጀመሪያ ያዩት የእኔን መንቀጥቀጥ ነው። «ቤት እንሂድ፤ ጠጂቱ ካላሞቀችሽ ሐይቁን ሳታይ ትሞችብናለሽ» አሉና ፊት ፊት መሩን።

ሚስታቸው እማማ ጠጂቱ አጠር ያሉ፣ ምላሳቸው ረጅም የሆነ ሴት ናቸው። ልጃቸው ስመኝ ደግሞ እዚያው ገጠር ትምህርት ቤት ታስተምራለች። እርስ በርሳቸው በአገውኛ ያወራሉ፣ ወደ እኔ ሲዞሩ በአማርኛ፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአንዱ ቋንቋ ጀምረው በሌላው ሲጨርሱም ሰምቻለሁ። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ወተትና ቅቤ የለም። የተቀቀለ ድንች ከነልጣጩ በሰፌድ መጣ፤ ሚጥሚጣ አጠገቡ። አዳማ ድንች ወጥ ውስጥ የሚገባ ማሟያ ነው፤ እዚህ ራሱን የቻለ ጌታ ነው። እማማ ጠጂቱ የራሳቸውን ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣሉና፣ «እስክትሄጂ ያንቺ ነው» አሉኝ።

ግድግዳው ላይ አንድ ኮርቻ ተሰቅሏል። ያረጀ ነው፤ ፊቱ ላይ የተለበጠው ነሐስ ግን ያበራል። ላነሣው ካሜራዬን ሳቀርብ ሁሉም ከድንቹ ቀና አሉ።

«የወንድማማች ጠብ ልታነሺ ነው?» አሉ እማማ ጠጂቱ።

ነገሩን እሳቸው ነገሩኝ። ኮርቻው የአያ እንየው አባት ንብረት ነበር። አባትየው ሲሞቱ አያ እንየው «ታላቅ እኔ ነኝ» ብለው ወሰዱት። ታናሽ ወንድማቸው አያ ጓዴ ደግሞ «አባቴን እስከ መጨረሻው የጦርኩት፣ ፈረሱንም ያበላሁት እኔ ነኝ» አሉ። በዚያው ተኳረፉ። አንድ ደብር ይስማሉ፣ በተለያየ በር ይገባሉ። ሐይቁን ከሁለት ወገን ይዘው ይኖራሉ፣ አንዱ የሌላውን ደጃፍ ከረገጠ ስንት ክረምት አለፈ።

«ሽማግሌ ደከመ» አሉ እማማ ጠጂቱ። «ይኸኛው ‹ታናሽ ነውና እሱ ይምጣ› ይላል። ያኛው ‹የቀማኝ እሱ ነውና እሱ ይምጣ› ይላል። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ ማንም አልሄደበትም።»

አያ እንየው ረጅም ጊዜ አሳላቸው። ሳሉ ከላይ የመጣ አይደለም፣ ከሥር ነው። ሲጨርሱ በቀስታ፣ «ይመጣል» አሉ። «ለቅሶዬ ላይ ይመጣል። ከለቅሶ የሚቀር ሰው የለም።»

«ሟርተኛ!» ብለው እማማ ጠጂቱ አማተቡ። ስመኝ ግን አላማተበችም፤ አባቷን ብቻ ታያቸዋለች። የእንጅባራ ሐኪም ቤት ሰዎች ስለ ደረታቸው ምን እንዳሏት በኋላ መንገድ ላይ ነገረችኝ። «የሚያስፈራው ሞቱ አይደለም፤ ተጣልቶ መሞቱን ነው የሚፈራው» አለችኝ። ሐይቁን ሳላይ፣ ይህን ልቤ ላይ ይዤ ተመለስኩ።

ቅዳሜ

ጭጋጉ አልነሣ ሲል ዳንግላን ልይ ብዬ በሚኒባስ ሄድኩ። ዳንግላ ስደርስ ፀሐይ! መናኸሪያው ላይ ቆሜ ፊቴን ወደ ሰማይ አቅንቼ ስቀር አንድ ጋሪ ነጂ «ምን ሁነሽ ነው? መንገድ ልቀቂ እንጂ!» ብሎ አባረረኝ። ጋሪ! አዳማም የጋሪ አገር ነበረች፤ ባጃጅ ሲመጣ ጋሪዎቹ እየሳሱ ሄዱ። የዳንግላ ፈረሶች ከእኛዎቹ ይልቅ ደልበዋል፤ ግንባራቸው ላይ ቀይ ክር የታሰረላቸውም አሉ። ከገበያው በላይ ካለች ጉብታ ላይ ሆኜ ጋሪዎቹ በአቧራና በጠዋት ብርሃን መካከል ሲገቡ አነሣሁ። ፎቶ ልታነሡ የምትሄዱ ካላችሁ ይህችን ጉብታ አትለፏት፤ ጠዋት ሂዱ።

ገበያው ውስጥ አንዲት የማር ነጋዴ ላነሣ ፈቃድ ጠየቅሁ። እጇ እስከ ክርኗ ማር ነው፣ ብርሃኑ በጃንጥላዋ ቀይ ጨርቅ አልፎ ፊቷ ላይ አርፏል፤ እንዲህ ያለ ነገር በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው። «ቆይ» አለችና እጇን ታጠበች። ጃንጥላውን አጠፈች። አዲስ ነጠላ ከዘንቢል አወጣች። ከዚያ ልክ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ትንፋሿን ይዛ ቀጥ አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰውን እንዲያ አቁሜ የኖርኩ ሰው ምን አፍ አለኝ? አነሣኋት። ስታየው፣ «ፎቶ ማለት እንዲህ ነው» ብላ ማር አጎረሰችኝ።

ስመለስ ሚኒባሱ ጎማው ፈነዳ። ሳር ላይ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ከአጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ቆሎ ዘገኑልኝ። ሲያዩኝ ቆዩና እጃቸውን ዘርግተው የጋቢዬን ጥለት ዳሰሱት።

«ይህን የፈተለችው ጠጂቱ ናት» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«ለሠርጌም የፈተለችልኝ እሷ ናት። የታላቅ ወንድሜ ሚስት ናት።»

አያ ጓዴ ነበሩ። ፊታቸው የአያ እንየው ነው፤ ሳሉ ብቻ የለም። እንግድነቴን፣ ፈረሱን፣ ድንቹን ነገርኳቸው። ጎማው ተቀይሮ፣ ተሳፍረን፣ እንጅባራ ልንገባ ስንል ወደ መስኮቱ እንደዞሩ፣

«ሳሉ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«አልተሻላቸውም» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲወርዱ የቀረውን ቆሎ ሁሉ ዘንቢሌ ውስጥ ገለበጡት።

ደሳለኝ በቀጥታ አያ እንየው ቤት አደረሰኝ። እሑድ ጭጋጉ ይነሣል ስለተባለ እዚያው እንዳድር ተነጋግረን ነበር። የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኩ። «ሳልዎን ጠየቁኝ» ስላቸው አያ እንየው ጽዋቸውን አስቀመጡ። ተነሡና ኮርቻውን ከግድግዳው አውርደው ቅባት እየነኩ ነሐሱን ይወለውሉ ጀመር።

ደጉ ሰዓት ነው ብዬ የፈለግኩትን ተናገርኩ። ፈረሱ በሙሉ ጌጡ ተጭኖ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ ሐይቁን ከጀርባው አድርጎ ሲሄድ ላንሣው አልኩ። ያለ ሰው ያልኩት ለሥራዬ ነው፤ ኮርቻው ላይ ሰው ካለ ሙሽሮቼ ከማያውቁት ሰው ጋር የተነሡ ይመስላሉ።

ስመኝ የያዘችውን ማንኪያ ጣለች። «አባ፣ ያለ ሰው?» አለች። እማማ ጠጂቱ ላሟን ሊያልቡ ወጥተው ነበር፤ አልሰሙም። አያ እንየው ሳይዞሩ በአገውኛ አንድ ነገር አሏት። ስመኝ ማንኪያውን አነሣችና «እሺ» አለች፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ አባቷ ሥራ ስላበዙባት መስሎኝ፣ «ብዙ አይቆይም» ብዬ አባበልኳት።

«ከየት ወገን ታነሺዋለሽ?» አሉኝ አያ እንየው።

ከጫካው ጠርዝ አልኳቸው። «አይሆንም» አሉ። «ጥላ ነው። ጠዋት ፀሐይ የምትመታው ከወዲያ ማዶ ያለውን ጉብታ ነው። ቅዳሴ ሊወጣ ሲል ሂዱ፤ ያን ጊዜ ነው የሚያምረው።»

ብርሃን የሚያውቅ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ማታ ትኩስ ወተት ጠጥቼ፣ ከስመኝ ጋር አንድ መደብ ላይ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

እሑድ

ዘንገና አለ! ጭጋጉ እንደ ተገፈፈ አንሶላ ተነሥቶ ሐይቁ ክብ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጫካው በራሱ ጥላ ላይ ተንጋሎ ቁጭ ብሏል። አልቅሼያለሁ፤ ለምን እደብቃለሁ። ያን የውጭ ሐይቅ መጋረጃ ያኔ በእጄ ቢሆን ኖሮ ለጦጣዋ እሰጣት ነበር።

እማማ ጠጂቱ ገና ሳይነጋ ለቅዳሴ ሄደዋል። አያ እንየው «ብርዱ ሳሌን ይቀሰቅስብኛል» ብለው ቀሩ፤ ፈረሱን የጫኑት ግን እሳቸው ናቸው። ጀርባው ላይ ቀይ ግላስ፣ የአባታቸው ኮርቻ፣ ቀይ የሱፍ ዘርፍ ያለው ልጓም። ሲጨርሱ የፈረሱን ግንባር ሳሙት። ስመኝ ዛቡን ይዛ ጉብታው ላይ ወጣች። ነሐሱ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ መስታወት ብልጭ ይላል። «ቀስ በይ! ቁሚ! አሁን ሂጂ!» እያልኩ ከወዲህ ወዲያ ስሮጥ የብርዱ ነገር ጠፋኝ።

ካሜራዬ ውስጥ፣ ከፈረሱ ባሻገር፣ ከደብሩ በር ነጭ የለበሰ ሰው ሲፈስ አየሁ። እግዚአብሔር አድማቂ ላከልኝ! ነጠላው፣ አረንጓዴው፣ ፈረሱ። ደግሞ ወደ እኛ እየሮጡ ነው። የፈረሱ ውበት ስቧቸው ነው ብዬ፣ ይበልጥ እንዲቀርቡ በእጄ ምልክት ሁሉ ሰጠሁ። አነሣለሁ፣ አነሣለሁ። መጀመሪያ ጆሮዬ የገባው የደወል ድምፅ መሰለኝ። ከዚያ ሲቀርብ ኡኡታ ሆነ።

«ወየው እንየው! ወየው የፈረሱ ጌታ!»

ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። እማማ ጠጂቱ ነጠላቸው ወድቆ፣ «ደኅና ትቼው! ደኅና ትቼው!» እያሉ በሰው ይደገፋሉ። ስመኝ «አልሞተም! አባቴ አልሞተም!» እያለች ትጮኻለች፤ ማን ይስማት። ለእኔ ያልገባኝ፣ ለአገሩ ግን ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው ነገር ይህ ነው፦ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ በሙሉ ጌጡ ይጫንና፣ ኮርቻው ላይ ማንም ሳይቀመጥ፣ እየተሳበ በለቅሶው ላይ ይዞራል። ለመጋረጃዬ ብዬ ያዘዝኩት የአያ እንየውን መርዶ ነበር።

ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ከወዲያኛው በር የወጣ ሽማግሌ ነው። ዱላውን ጥሎ ፈረሱ አንገት ላይ ተጠመጠመ። አያ ጓዴ ናቸው። ኮርቻውን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባራቸውን ነሐሱ ላይ ያጋጫሉ።

«ውሰደው ወንድሜ! ውሰደው፣ ያንተ ነው! እኔ ኮርቻ ምን ያደርግልኛል? ይዘኸው ሂድ፤ ብቻ አንድ ጊዜ ጓዴ በለኝ!»

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሳቸው ግን ጉብታውን የሚያርስ ነበር። ካሜራዬን አወረድኩ። ስመኝ እጃቸውን ይዛ፣ «አጎቴ፣ ቤት ነው። ቤት ቁጭ ብሏል። ና እይ» ስትላቸው እንደ ሰከረ ሰው አዩዋት። ከዚያ ሩጫው ወደ ቤት ዞረ፤ እኔም ከኋላ፣ ነጠላ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ፣ በሰው ካልሲ።

አያ እንየው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለዋል። ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰዋል። አጠገባቸው ጠላ በእንስራ፣ ድንች በሰፌድ፣ ዙሪያውን መቀመጫ ተደርድሯል። አያ ጓዴ ደረታቸው እየተነፋ መሐል ቆሙ።

«መጣህ?» አሉ አያ እንየው።

አያ ጓዴ እጃቸውን ያነሡት ሊመቱ መስሎኝ ነበር። የወንድማቸው አንገት ላይ ወደቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አንዱ ሲያስለው ሌላው ጀርባውን ይመታለታል። የንስሐ አባታቸው ደርሰው መስቀላቸውን አሳለሟቸው፤ ጠቡ በዚያ ተዘጋ። እማማ ጠጂቱ ግን አልጨረሱም። በነጠላቸው ጫፍ ባላቸውን እየጠበጠቡ፣ «ሟርተኛ! እኔን ልትገድል!» ይላሉ፤ መልሰው ይስሙታል፤ እንደገና ይጠበጥቡታል።

አንዲት አሮጊት ወገባቸውን ይዘው፣ «እኔ ጉሮሮየ እስኪነቃ አልቅሸ! ይኸ እንባ ወዴት ይመለስ?» ብለው ጠየቁ። «ጠላ ይመልሰዋል» አለ አንድ ሰው፤ ሳቁ ያን ጊዜ ፈነዳ። እኔ በየሰዉ ፊት እየዞርኩ ይቅርታ ስጠይቅ «ተይ፣ ናዝሬቴዋ፣ አላወቅሽ» እያሉ ድንች ያጎርሱኛል። እንግዳ ሆኖ ሰውን በሙሉ ደረት ካስመቱ በኋላ እንዲህ መወደድ የትም አላየሁም።

ወንድማማቾቹን አንድ ላይ ላንሣ ስል ማን ኮርቻው ላይ ይቀመጥ በሚለው ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። በመጨረሻ ኮርቻው መሬት ተቀመጠ፤ ሁለቱም ከግራና ከቀኝ እጃቸውን ጣሉበት። ፎቶው ትንሽ ደብዝዟል፤ እየሳቅኩ ነው ያነሣሁት።

ሰኞ

እማማ ጠጂቱ ማርና ድንች፣ አያ ጓዴ ደግሞ ሌላ ድንች ጫኑልኝ። ጋቢውን ልመልስ ብል «ያንቺ ነው አላልኩሽም?» ተባልኩ። ደሳለኝ ዕቃውን ባጃጁ ላይ እያሰረ፣ «ለካ ዛፍም ፎቶ ይሆናል» አለኝ።

ስመኝ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘችኝ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ያ ያሳፈረኝ ነገር መጣብኝና፣ «ምነው ፈረሱን ባትስቢልኝ ኖሮ! ታውቂ ነበር አይደል?» አልኳት።

«አውቅ ነበር» አለች። «አባቴም ያውቅ ነበር። ፈረሰኛ ሆኖ ይህን የማያውቅ አለ? ከደብሩ ደጅ ፊት ለፊት የሚታየው ጉብታ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።»

ቆምኩ። ፀሐዩን፣ ንጹሕ ልብሱን፣ የተደረደረውን መቀመጫ አሰብኩ። እኔ ቦታ መራጭ፣ እኔ የብርሃን አዋቂ!

«ቅዳሜ ማታ በአገውኛ ምን ነበር ያሉሽ?»

ስመኝ ሐይቁን እያየች መለሰችልኝ። «‹ስሞት የሚመጣ ከሆነ፣ ሳልሞት ልየው› ነው ያለኝ።»

አውቶቡስ ሲመጣ ዘንቢሌን አቀበለችኝ።

መጋረጃው አሁን ፎቶ ቤቴ ውስጥ ተሰቅሏል። ሐይቁ አለ፣ ጉብታው አለ፣ አምባላዩ ባዶ ኮርቻውን ጭኖ ቆሟል። ነጭ የለበሱትን ሰዎች አላስወጣሁም፤ ከሩቅ ሠርገኛ ይመስላሉ። ስመኝ ትደውልልኛለች። አያ እንየው እያሳላቸውም ቢሆን አሉ። ኮርቻው በየሰሞኑ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ከእሱ ጋር ወንድማማቾቹም ይመላለሳሉ።

ባለፈው ሰሞን ያ ስለ ዘንገና የነገረኝ የዳንግላ ልጅ እጮኛውን ይዞ መጣ። መጋረጃውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ቆቡን አወለቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም» አልኩት ካሜራዬን እያስተካከልኩ። «ባለቤቱ ቤት ቁጭ ብሎ ወንድሙን እየጠበቀ ነው። እስቲ ጠጋ በሉ።»